ክዳኑ የተከፈተ ዕለት

እንግዳ ሰው በዚያ ፖሊስ ጣቢያ ሬዲዮ ላይ የሚባለውን ቢሰማ፣ ከተማው ሠርግና ዝናብ ብቻ የሚያውቅ ይመስለው ነበር። አንድ ፓትሮል «ሙሽራ ይዣለሁ» ካለ፣ እጁ በካቴና የታሰረ ሰው ከኋላ ወንበር አስቀምጧል ማለት ነው። «ደመና ወጥቷል» ከተባለ፣ አለቃው ከቢሮ ወጥተው ወደ መንገድ ወርደዋልና ሻይ ቤት የተቀመጠ ሁሉ ብርጭቆውን ያስቀምጥ ማለት ነው። ሞተር ብስክሌተኛው «ንብ» ይባላል። መናገር የማይመቸው ሰው ደግሞ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል፤ «ሰምቻለሁ፣ አፌን ግን አልከፍትም» ማለቱ ነው። አንዱ ቀልዶ ይጥለዋል፣ ሌላው አንሥቶ ይጠቀምበታል፣ ሲውል ሲያድር ቋንቋ ይሆናል።

የሬዲዮ ክፍሉ ራሱ «ጎጆ» ነበር። ሁሉም ሲዞር ውሎ የሚጠራት፣ ማታ «ገባሁ» ብሎ የሚሰናበታት ጎጆ። ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት ጠረጴዛ፣ ወደ ግቢው የሚያይ አንድ መስኮት፣ የመኪኖቹ ቁጥር በምስማር የተንጠለጠለበት ሰሌዳ፣ አንገቱን የቀለሰ ማይክ፤ ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ በእግር የሚረገጥ ፔዳል። ፔዳሉ ሲረገጥ ጎጆ ትናገራለች፣ ሲለቀቅ ትሰማለች። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ አትችልም።

በዚያ ወንበር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የተቀመጠችውን ሴት ትንሹም ትልቁም «እትዬ» ይላት ነበር። ባሏም ልጇም እዚያ የሚጮኸው ሬዲዮ ነው እያሉ ያሟት ነበር፤ እሷም ሰምታ ትስቃለች። መኪኖቹን በድምፃቸው ታውቃለች። ሁለት ቁጥር ማርሽ ስትቀይር ታስነጥሳለች። የአራት ቁጥር የግራ መስኮት አስፋልቱ በጎደጎደ ቁጥር ይንኳኳል። ከእሷ ፊት ለፊት ስልክ የሚቀበለው ሰውዬ «ሹክሹክታ» ይባላል፤ ስልክ ላይ ሲያወራ ግቢው ውስጥ ያለ ዘበኛ ስለሚሰማው ነው ይህን ስም ያወጡለት።

ከቃላቱ ሁሉ የሚፈራው «ክዳን» ነበር። አንዱ ፖሊስ የማይኩ ቁልፍ በቀበቶው ወይም በመቀመጫው ተጭኖ ይቀርበታል። ሳያውቀው የሚያወራው፣ የሚያጉረመርመው፣ የሚያንጎራጉረው ሁሉ በአሥራ አንድ ሬዲዮ ይወጣል። መስመሩ አንድ ነውና ሌላው መናገር አይችልም። ክዳኑ የተከፈተበት ሰው ደግሞ ቢጮሁለትም አይሰማ፤ የሚናገር ሬዲዮ ጆሮ የለውም። ያለው መላ አንድ ብቻ ነው። የጎጆ ሬዲዮ ምሰሶው ረጅም፣ ጉልበቱ ብርቱ ስለሆነ፣ እትዬ ፔዳሉን ከረገጠች የእሷ ድምፅ የክዳኑን ድምፅ ይውጠዋል። በዚያች ቅጽበት «ከቅርብ ያለህ፣ ሂድና ክዳን ግጠም» ትልና ትለቃለች። እስኪገጠም ድረስ ሰው ሁሉ በየመኪናው እየሳቀ ያዳምጣል።

ስንቱ ተሰምቷል መሰላችሁ! አንዱ የአማቱን ወጥ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሲያማ ተሰምቷል፤ አማቱ ጨው የሚጨምሩት በአካፋ ነው እያለ። ጢሙ የሚያስፈራ አንድ ሳጅን ደግሞ ብቻውን መኪና ውስጥ ተቀምጦ የሕፃን እሹሩሩ ሲለማመድ ተሰማ። ከዚያ ወዲያ ግን ማንም አላነሣበትም። ያልተጻፈ ሕግ ነበራቸው፤ በክዳን የወጣን ነገር ሆድ ይፍጀው። መሳቅ ይቻላል፣ ለባለቤቱ ማንሣት ነውር ነው።

ይህን ሕግ ለአዲስ ገቢ ሁሉ የምታስተምረው እትዬ ነበረች። የተቃጠለችበትም እሷው ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታቸው ስትሞት እትዬ የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች፣ ታናሽ እህቷ ስድስት። ያቺን ታናሽ «ሚጡ» እያለች አሳደገቻት። ጸጉሯን ጎንጉና፣ ደብተሯን ሸፍና፣ ጥርሷ ሲወልቅ አብራ አልቅሳ። ሚጡም «እታለም» ትላታለች፤ በዓለም ላይ በዚህ ስም የሚጠራት ሌላ ሰው የለም። መኝታቸው በአንድ ግድግዳ የተከፈለ ነበር። ሚጡ ጨለማ ሲያስፈራት ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ትመታለች፣ እታለም ሁለት ጊዜ ትመልሳለች፤ ከዚያ ሁለቱም ይተኛሉ። በሬዲዮው ላይ ያለው ሁለት ጠቅታ ከየት እንደመጣ ፖሊሶቹ አያውቁም። እትዬ ታውቃለች።

ሚጡ ልብስ ሰፊ ሆነች። ጊዜው ሲደርስም በሁለት ቁጥር መኪና የሚሠራ አንድ ሎጋ ፖሊስ ሊያገባት ጠየቀ። ያገናኘቻቸው እትዬ ናት፣ ደስታዋም ከሙሽሮቹ ይበልጥ ነበር። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አንድ ማታ፣ ሚጡ ለእህቷ የጀመረችውን ሰማያዊ ሹራብ እየሠራች ሳለ መርፌዎቹን ጭኗ ላይ አኖረችና፣

«እታለም፣ ጥሩ ሰው ነው» አለች። «ግን ልቤ አልመጣም። አንቺ ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው። ተይው፣ ለማንም እንዳትናገሪ። እየዋለ ይመጣ ይሆናል።»

እትዬ ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ አደረች። ጠዋት ሥራ ገብታ፣ የሚያማክራት ሰው ብታጣ፣ ሹክሹክታን «እህቴ ይህን ሠርግ የያዘችው ለእኔ ብላ ነው፤ ልቧ የለበትም፤ ምን ይሻለኛል?» አለችው። አራት ወይም አምስት ዐረፍተ ነገር ቢሆን ነው። እግሯ ፔዳሉ ላይ ነበር። ተናግራ ስትጨርስ እግሯን አነሣች። ከዚያ አንድ ረጋ ያለ ድምፅ መጣ።

«ጎጆ፣ ሁለት ቁጥር ነኝ። ክዳንሽ ተከፍቷል፣ እትዬ።»

ድምፁ የሎጋው ነበር። በሳምንቱ ዝውውር ጠይቆ ከተማውን ለቀቀ።

ሚጡ አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። «እኔ ለአንቺ ነበር የነገርኩሽ» አለች። «ለከተማው መንገር ብፈልግ ጡሩምባ አላጣም ነበር። ሰውዬውን አልወደድኩት ይሆናል፤ እንዲህ ሊዋረድ ግን አይገባውም ነበር። እኔም ብሆን።» አንድ ሻንጣ ይዛ ሄደች። ሹራቡ መርፌዎቹ እንደተሰኩ ወንበር ላይ ቀረ። እትዬ ሁለት ጊዜ ጻፈችላት፤ ሁለቱም ደብዳቤ ሳይከፈት ተመለሰ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ? እንዲያ ሆነባት።

ስድስት ዓመት አለፈ። እትዬ ፔዳሉ ላይ ቁራጭ ምንጣፍ ለጥፋ፣ ስትረግጠው እንዲሻክራት አደረገች። ከዚያ ወዲህ የራሷን ነገር በዚያ ክፍል ውስጥ ለማንም አውርታ አታውቅም። ሹክሹክታ «ምን ሆነሻል?» ሲላት «ምንም» ትላለች፤ መጀመሪያ ግን ሁልጊዜ ጎንበስ ብላ እግሯን ታያለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ፣ ስልክ ጮኸ። ሹክሹክታ ግቢውን በሚያናውጥ ድምፁ ተቀበለና ወረቀት አቀበላት።

«ከመድኃኒት ቤቱ አጠገብ አዲስ የተከፈተ ስፌት ቤት ነው። መስታወት ተሰብሮ መቀስና አንድ ጥቅል ጨርቅ ተወስዷል። የደወሉት ከመድኃኒት ቤቱ ነው፣ ስፌት ቤቱ ገና ስልክ አላስገባም።»

ይህ የሆነው የእጅ ስልክ በየኪሱ ሳይገባ ነው። እትዬ ፔዳሉን ረገጠች።

«አራት ቁጥር፣ ጎጆ።»

«አራት ቁጥር ይሰማል። ተናገሪ፣ የኔ እመቤት።» የአራት ቁጥሩ ሽማግሌ ፖሊስ ነው፤ ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት የቀረው፣ ሁሉም «አጎቴ» የሚለው ሰው።

«መድኃኒት ቤቱ አጠገብ ስፌት ቤት፣ የመስታወት ስብራት።»

«እሄዳለሁ። ጉልበቴ ተቃውሞ አለው፣ እኔ ግን እሄዳለሁ።»

ከዚያ አንድ ሙሽራ ተያዘ፣ አንድ የጭነት መኪና መንገድ ዘጋ፤ የወትሮው ሥራ። እትዬ የጭነት መኪናውን ታርጋ እየጻፈች ሳለ ሬዲዮው ያለ ጥሪ ተከፈተ። መጀመሪያ የመኪና በር ተዘጋ። ከዚያ ጫማ የተሰበረ መስታወት ሲረግጥ ተሰማ። ስፌት መኪና ሲንዘረዘር ቆየና ቆመ።

«ክዳን» አለ ሹክሹክታ፣ ወንበሩን እያመቻቸ። «አጎቴ ነው። ዛሬ ደግሞ ስለ ጉልበቱ እንሰማለን።»

«እንደምን ዋላችሁ» አለ የአጎቴ ድምፅ ከሬዲዮው። «መስታወቱ ይሄ ነው?»

«ይሄው ረገጡት እኮ፣ አባቴ። ቀስ ብለው።»

የእትዬ እርሳስ ወረቀቱ ላይ ቆመ።

ሰው ድምፅ ይረሳል ይላሉ። መልክ ይረሳ ይሆናል፤ እሷ ሃያ ሁለት ዓመት በድምፅ ስትኖር ሌላ ነገር ተምራለች። ያቺ «ቀስ ብለው» የምትለዋ መጨረሻዋ ላይ ትንሽ የምትነሣ ድምፅ፣ ጸጉሯ ሲጎነጎን «ቀስ በይ እንጂ፣ እታለም» ስትል የነበረችው ድምፅ ናት። እትዬ ወደ ሬዲዮው ጎንበስ አለች፣ ሰው ወደ መስኮት እንደሚጠጋ።

«ቆይ እስቲ፣ መነጽሬን ላድርግ» አለ አጎቴ። «አንቺ... ሚጡ አይደለሽም?»

«አጎቴ!» ሳቀች። ሳቋም ያው ነው፤ መጨረሻው ላይ እንደ ስቅታ ይቆረጣል። «እኔ እኮ ወፍረው አላወቅኩዎትም።»

«ስድቡን ከመዝገብ ውጭ አድርጊው። ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለሽው?»

«ሃያ ቀኔ ነው።»

ሃያ ቀን! እትዬ በሃያ ቀን ውስጥ በመድኃኒት ቤቱ በኩል ስንት ጊዜ በአውቶቡስ እንዳለፈች ልትቆጥር ሞከረች፣ መቁጠር አቃታት። ሹክሹክታ የብዕሩን ክዳን በጥርሱ እንደያዘ ቀስ ብሎ ዞሮ አያት። አሁን ገብቶታል።

«እትዬ ታውቃለች?» አለ አጎቴ።

መቀስ ይሁን ምን፣ ጠረጴዛ ላይ የሆነ ብረት ሲቀመጥ ተሰማ።

«አታውቅም። በሞቴ እንዳይነግሯት።» «ደህና ናት?»

«ደህና ናት። አርጅታለች እንዳልል ትሰማኛለች። ድምፅዋ ግን አልተለወጠም። በቀን መቶ ጊዜ ነው የምሰማው።»

«ታድለው» አለች ሚጡ።

እትዬ መዳፏን አፏ ላይ ጫነች። ስድስት ዓመት የተጠማችው ይህችን አንዲት ቃል ነበር። ደግሞ ጥም ነውና በአንድ ጉንጭ አይቆረጥም፤ ሌላ ልስማ፣ ሌላ ትናገር፣ ይህ ክዳን እስከ ማታ አይገጠም አለች በልቧ። ሃያ ሁለት ዓመት ክዳን ስታስገጥም የኖረች ሴት፣ ያን ቀን ክዳኑ ክፍት ሆኖ እንዲቀር ተመኘች።

«አጎቴ» አለች ሚጡ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ለምን እንደመጣሁ ለማንም አልተናገርኩም። አንድ ነገር ሆኜ ነው የመጣሁት። ለሰው ብናገረው ይቀለኝ ነበር፣ ግን ለማን...»

«ለእኔ ንገሪኝ፣ ልጄ። ተቀመጪ። እኔ እንደሆንኩ ሆዴ ጉድጓድ ነው።»

ጉድጓዱ ደረቱ ላይ ተከፍቶ እንደተንጠለጠለ የማያውቀው እሱ ብቻ ነበር። አሥራ አንድ ሬዲዮ ያዳምጣል። ሁለት ቁጥር ውስጥ ሁለት ጎረምሳ ፖሊሶች፣ በር ላይ ዘበኛው፣ አለቃው ቢሮ መደርደሪያ ላይ ያለችው ትንሿ ሣጥን። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የሚጡን ምስጢር ከተማው ሁሉ ሰምቶት፣ ሚጡ ብቻ እንደተሰማ ሳታውቅ ልትኖር ነው። እስክታውቅ ድረስ። ስታውቅ ደግሞ፣ ለሁለተኛ ጊዜ፣ በዚያው ሬዲዮ።

እትዬ እግሯን አየች። ከፔዳሉ በላይ አንድ ጣት ያህል ተንጠልጥሏል። ብትረግጠው የእህቷ ድምፅ ከሌሎቹ ጆሮ ይጠፋል። ከእሷም ጆሮ ይጠፋል። ለምን እንደመጣች ሳታውቅ ትቀራለች፤ ነገ ጠዋት ሚጡ ሻንጣዋን አንሥታ ብትሄድ፣ የሰማችው ያ «ታድለው» ብቻ ይሆናል።

«እንግዲህ የዛሬ ሁለት ዓመት...» ብላ ጀመረች ሚጡ።

እትዬ ረገጠች። የእህቷ ድምፅ እንደ ክር ተበጠሰ።

«ሁሉም ቁጥሮች፣ ጎጆ ነኝ። አራት ቁጥር ክዳኑ ተከፍቷል። ንብ፣ ወደ ስፌት ቤቱ ሂድና ግጠም። ስትገጥም ከመድኃኒት ቤቱ ስልክ ደውልልኝ። እስከዚያ መስመሩን አልለቅም።»

እንዲህ ያለ ትእዛዝ በጣቢያው ተሰምቶ አያውቅም። ሬዲዮውን የሚጠግነው ሰው «ከሁለት ደቂቃ በላይ በአንድ ትንፋሽ አትርገጪው፣ እንደ ካውያ ይግላል» ብሎ አስጠንቅቋታል። ደግሞ ረግጦ ዝም ማለት አይጠቅምም። ጎጆ ካልተናገረች፣ ለአራት ቁጥር ቅርብ በሆኑት መኪኖች የተሸፈነው የክዳኑ ድምፅ በስንጥቅ እንደሚገባ ነፋስ ሾልኮ ይሰማል። ስለዚህ መናገር አለባት። ምን ትናገር? ሹክሹክታ ወደ መድኃኒት ቤቱ ደወለና ራሱን ነቀነቀ፤ መስመሩ ተይዟል፣ አንዱ ወሬ ይዟል። እትዬ እጇን ስትዘረጋ ያገኘችው ጠረጴዛው ጥግ ላይ የተቀመጠውን መዝገብ ነበር፤ መንገድ ላይ ተገኝተው ባለቤት ያልቀረበላቸው ዕቃዎች የሚጻፉበትን። ገለጠችና ማንበብ ጀመረች።

«ተራ ቁጥር አንድ። ጥቁር ጃንጥላ፣ እጀታው የተሰነጠቀ። ባለቤቱ ቀርቦ መውሰድ ይችላል። ተራ ቁጥር ሁለት። የሴት ጫማ፣ የቀኝ እግር ብቻ። ባለቤቷ ቀርባ መውሰድ ትችላለች። ተራ ቁጥር ሦስት። ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የላይኛው፣ በመሐረብ የተጠቀለለ። ባለቤቱ ቀርቦ...»

«መናገር ከቻለ» አለ ሹክሹክታ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ በሹክሹክታ ነበር የተናገረው፣ ያም በአሥራ አንድ ሬዲዮ ወጣ።

ስድስት ላይ ስትደርስ በሩ ተከፈተና ደመናው ገቡ። አለቃው ቆፍጣና ሰው ናቸው፣ ቆባቸውን እንኳ በልክ ነው የሚያስቀምጡት።

«ይህች ሴት ምን እያደረገች ነው? ከቢሮዬ ሆኜ ስለ ሰው ጥርስ እሰማለሁ!»

ሹክሹክታ ተነሥቶ በጆሯቸው ነገራቸው። ምን እንዳላቸው እትዬ አልሰማችም፤ «እህቷ» የሚለውን ቃል ብቻ ከከንፈሩ አነበበች። አለቃው ሬዲዮውን ነኩትና እጃቸውን ቶሎ አነሡ። የጋለ አቧራ ይሸታል። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉት፣ የመስኮቱን መጋረጃ ሰብስበው መስኮቱን ከፈቱላት፤ አየር ይግባ ብለው ይሆናል።

«ተራ ቁጥር አሥራ አራት። የልጅ ብስክሌት ጎማ፣ አንድ። ተራ ቁጥር አሥራ አምስት። የንባብ መነጽር...»

ንብ ደርሶ ይሆን? መንገዱን ያ የጭነት መኪና ዘግቶበት ይሆን? ፔዳሉን እንደረገጠች አንድም ነገር መስማት አትችልም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ተገጥሞ እንደሆነ ለማረጋገጥ ያህል፣ ለአንድ ትንፋሽ ፔዳሉን ብትለቀውስ? ማን ይቆጣታል? ሥራዋ ነው። ይህን ያለው ግን ሥራዋ እንዳልሆነ፣ ያ የተጠማው ጆሮዋ እንደሆነ ደህና አድርጋ ታውቃለች። ምንጣፉ በጫማዋ ሥር ሻከራት። አላነሣችም።

«ተራ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ። የወንድ ቆብ፣ ላባ ያለበት። ባለቤቱ ቀርቦ መውሰድ ይችላል።»

ገጹ አለቀ። የሚቀጥለው ባዶ ነው። ስልኩ ዝም። እትዬ ባዶውን ገጽ አየች፣ በዚያው የሥራ ድምፅዋ ቀጠለች።

«ተራ ቁጥር ሃያ። ሰማያዊ ሹራብ፣ የግራ እጅጌው ያላለቀ። መርፌዎቹ እንደተሰኩ ናቸው። ባለቤቷ ቀርባ መውሰድ ትችላለች።»

አለቃው ጎንበስ ብለው መዝገቡን አዩ፣ ከዚያ ሹክሹክታን አዩ። ሹክሹክታ ጣሪያውን ያይ ነበር።

«ተራ ቁጥር ሃያ አንድ። አንድ አልጋ፣ በግድግዳው ወዲያ ማዶ ያለው። አንሶላው በየሳምንቱ ይቀየራል። ስድስት ዓመት ማንም አልተኛበትም። ባለቤቷ ቀርባ... ባለቤቷ መተኛት ትችላለች። ተራ ቁጥር ሃያ ሁለት። የውጭ በር ቁልፍ። ከአበባው ማስቀመጫ ሥር፣ በድሮ ቦታው። ባለቤቷ በፈለገችው ሰዓት፣ ሳታንኳኳ መግባት ትችላለች። ምንም አትጠየቅም። ለምን እንደመጣሽ አይባልም። ተራ ቁጥር ሃያ ሦስት...»

አሥራ አንድ ሬዲዮ እየሰማ መሆኑን አልረሳችም፤ ስድስት ዓመት አንድ ቃል የራሷን ነገር ያላወራች ሴት፣ ዛሬ አውቃ፣ እግሯን እያየች ነው የምታወራው።

«ተራ ቁጥር ሃያ ሦስት። ሁለት ደብዳቤ፣ ሳይከፈቱ የተመለሱ። የሁለቱም ቃል አንድ ነው። አንድ መስመር ናቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በዪኝ ይላሉ። ባለቤቷ...»

ስልኩ ጮኸ። ሹክሹክታ ጆሮው ላይ ለጥፎ አዳመጠና እጁን አነሣ።

«ተገጥሟል!» አለ፣ በድሮ ድምፁ፣ ግቢው እስኪሰማ። «ንብ ነው። የገጠመው ቀደም ብሎ ነው፣ ስልኩን ከያዘችው ሴትዮ ማስለቀቅ ነው ያቃተው። የእህቷን ልጅ ልደት እየነገረች ነበር ይልሻል።»

«መቼ ነው የገጠመው?» አለች እትዬ። እግሯ ገና ፔዳሉ ላይ ነበር፣ ይህም ወጣ።

ሹክሹክታ ጠይቆ መለሰ። «ከቆቡ ጀምሮ። ከዚያ ወዲህ የንብም የአጎቴም ሬዲዮ ቤቱ ውስጥ እየጮኹ ነበር። አጎቴ ደንግጦ ሊቀንሰው ሲል ከልክላዋለች።»

«ማን?»

«ማን ትሆናለች እንግዲህ፣ እትዬ!»

እትዬ እግሯን አነሣች። ሬዲዮው ሽሽሽ አለ። አንድም መኪና አልጠራም፣ አንድም ሰው አልሳቀ፣ የወትሮው ቀልደኛ ሁሉ ምላሱን ሰብስቧል። አለቃው ቆባቸውን አስተካከሉ።

«እነዚያ ከሃያ ጀምሮ ያሉት» አሉ፣ ወደ በሩ እየሄዱ፣ «በቀለም ይጻፉ። ያልተጻፈ ዕቃ ይጠፋል።» ወጥተው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ያኔ ነው የመጣው። ጠቅ፣ ጠቅ።

እትዬ ቀና አለች። ከመኪኖቹ አንዱ ነው፣ ሊያጽናናኝ ነው አለች ለራሷ፤ ከማን እንደሆነ መጠየቅ ግን ሥራዋ ነውና ረገጠች።

«ጎጆ ነኝ። ጠቅ ያደረገ ቁጥሩን ይናገር።»

«ሁለት ቁጥር። እኔ አይደለሁም፣ እትዬ።»

«ሦስት ቁጥር። እኔም አይደለሁም።»

«ንብ። ከመድኃኒት ቤቱ አሁን መውጣቴ ነው፣ እኔ አይደለሁም።»

ከዚያ አጎቴ መጣ፣ ድምፁ ራቅ ያለ፣ ከሌላ ሰው ትከሻ ላይ ጎንበስ ብሎ የሚናገር ዓይነት።

«ጎጆ፣ አራት ቁጥር ነኝ። ሬዲዮው... ሬዲዮው አሁን በእኔ እጅ አይደለም።»

ሹክሹክታ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ማንም ያልደወለበትን ስልክ አንሥቶ ጆሮው ላይ አደረገ።

እትዬ አፏን ወደ ማይኩ አስጠጋች። የምትለው ነገር መዓት ነበር፤ ስድስት ዓመት ያጠራቀመችው። ይህ ግን የአደባባይ መስመር ነው። ስለዚህ አንድ ቃል ሳትናገር፣ በዚያ ሻካራ ምንጣፍ ላይ እግሯን ሁለት ጊዜ አሳረፈች፤ በግድግዳው ወዲያ ማዶ ያለች ልጅ እንድትሰማ ያህል፣ ቀስ ብላ።